የጀልባ ዕድሜ በማን እጅ ነው?

ተጠራጣሪው፦ በጣና ምሥራቅ ዳር፣ በደራ፣ በፎገራና በሊቦ ከምከም ያሉ ዓሣ አጥማጆች ትንሽ የአልሙኒየም ጀልባ ቢኖራቸው ይሻላል ትላለህ። እኔ ግን ታንኳው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት እፈልጋለሁ። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ከዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በገመድ ተጠፍሮ ቅርጽ ይይዛል። ሙያው ኑሯቸውን ከሐይቁ ጋር ካደረጉት ከወይጦዎች እጅ ያልጠፋ ሙያ ነው። የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ቤንዚን አይጠጣም፣ ሲያረጅም በስብሶ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ውኃ ቢሞላበት አይሰጥምም፤ ያንሳፈፈው ሣሩ ራሱ ነውና። የአልሙኒየም ጀልባን የሚያንሳፍፋት ባዶ ሆዷ ብቻ ነው፤ ማዕበል ከሞላት ቁልቁል ትወርዳለች። ዘመናትን ያሻገረ ዕቃ በሌላ ይተካ የሚል ሰው፣ አዲሱ ዕቃ ማማሩን ሳይሆን አሮጌው ከእንግዲህ የማያዘልቅ መሆኑን ማስረዳት አለበት። አንተስ በምን ታስረዳኛለህ?

ደጋፊው፦ ጋሼ፣ የታንኳን ክብር ለመንካት አይደለም የተነሣሁት። የማወዳድረው ዕድሜውንና በየዓመቱ የሚያስከፍለውን ነው። ደንገል ውኃ ይመጥጣል። ታንኳ ሠርቶ በተመለሰ ቁጥር ወደ ዳር ተጎትቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ደርቆም ቢሆን ከጥቂት ወራት በላይ አይዘልቅም። ስለዚህ አንድ አጥማጅ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ አዲስ ታንኳ ማሠር አለበት፤ ደንገሉ ደግሞ እንደ ድሮው አይገኝም። የሐይቁ ዳር እየታረሰ ነው፣ በፎገራ ረግረጉ ለሩዝና ለሽንኩርት ውሏል፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጥቶ ዳሩን ወርሮታል። ለወጉ የሚታሠር ታንኳ አይጠፋም፤ እንጀራቸው በሱ ለሆነ ሁሉ ግን ደንገሉ አይበቃም። አልሙኒየምን ያነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ክብደቱ ከብረት ሲሶውን ያህል ነው፤ 4 ሜትር ገደማ የምትረዝም ጀልባ ባዶዋን 100 ኪሎ ስለማትሞላ አራት ሰው አንሥቶ ከውኃ ያወጣታል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተቀረፈ ውስጡን ይበላል፤ አልሙኒየም ግን አየር ሲያገኘው በራሱ ላይ ስስ ቆዳ ያበጅና ያ ቆዳ ይጠብቀዋል። ጨው በሌለበት እንደ ጣና ባለ ውኃ ይህ ቆዳ በቀላሉ አይጠቃም። በሰሜን አሜሪካና በስካንዲኔቪያ ሐይቆች 30 እና 40 ዓመት የሠሩ ትናንሽ የአልሙኒየም ጀልባዎች ብርቅ አይደሉም። መስጠሟን በተመለከተ ያሉት እውነት ነው፤ መልሱም ከመቀመጫዎቿ ሥር የሚታሸግ ፎም ነው። በቂ ፎም ካላት ውኃ ቢሞላትም ጠርዟ ከውኃው በላይ ይቆያል፣ ሰውም ይዟት ይቆያል።

ተጠራጣሪው፦ የአሜሪካው ጀልባ 40 ዓመት የኖረው አልሙኒየም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በመኪና ግማሽ ሰዓት ሲሄድ ሪቬቱን፣ ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ጠጋኙንም ያገኛል። እዚህ ማን አለ? ነገሩን በደብረ ታቦር ልየው። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ ያስወለዱባት ቦታ ናት። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፣ በ1860 ዓ.ም. ግን የተመኙትን ሳይፈጽም ቀረ። ብረቱ እስከ ዛሬ መቅደላ አናት ላይ ተጋድሟል። ጋፋት ላይ ግን ያንን መድፍ ያቀለጠ ምድጃ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ አላፈራም። ዕቃው ከሙያው በላይ ኖረ ማለት ነው። እኔ የምፈራው የአልሙኒየም ጀልባም እንዲህ ሐይቁ ዳር ተገልብጣ እንዳትቀር ነው። ደብረ ታቦር ያለ በያጅ የበር ብረት፣ የጋሪ ዘንግ፣ የውኃ ታንከር ይበይዳል። አልሙኒየም ሲመጣለት ግን ቆዳው እስኪቀልጥ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ሥጋው ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። በተለመደው ኤሌክትሮድ የሞከረ ሰው ስንጥቁን ሊደፍን ገብቶ የእጅ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። አርጎን የታጠቀ፣ ለዚህ የሠለጠነ በያጅ ከሌለ ዕድሜዋ የሚለካው እስከ መጀመሪያው ስንጥቅ ነው።

ደጋፊው፦ ጋፋትን በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል፤ እኔም የምለው ከዚያው ነው። አንድ ዕቃ ዕድሜ የሚያገኘው ጠጋኝ ሲኖረው ነው። ግን ጋሼ፣ የትንሽ ጀልባ ሕመም አብዛኛው ብየዳ አይፈልግም። በሪቬት የተገጠመች ጀልባ ውኃ የምታስገባው ብዙውን ጊዜ ላሜራዋ ተቀዶ ሳይሆን ሪቬቷ ላልቶ ነው። ይህን የሚያገኘው ደግሞ መሣሪያ ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ጀልባዋ ደኅና አድርጎ በሚደግፋት እንጨት ላይ ትቀመጣለች፣ ውስጧ እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ውኃ ይሞላል፣ ሰው ከሥሯ ገብቶ የሚንጠባጠበውን ሪቬት አንድ በአንድ በጠመኔ ይከባል። ውኃው ተደፍቶ ከደረቀች በኋላ አንዱ ከውጭ የሪቬቱን ራስ በከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይቀጠቅጠዋል። አልጠብቅ ያለው ተበስቶ ይወጣና ወፈር ያለ ይገባበታል፤ ሥሩ ለውኃ ዕቃ የሚሆን ማጣበቂያ ይቀባል። አሁን በየከተማው የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፤ ድሪል አላቸው፣ የሪቬት መምቻ አላቸው፣ የብረቱን ጠባይም ያውቃሉ። መማር የሚቀራቸው አንድ ነገር ነው፦ ለመስኮት የሚሆነው ባዶ ሪቬት ለጀልባ እንደማይሆን፣ መሐሉ ውኃ እንደሚያሳልፍና ጀልባ ድፍኑን እንደምትፈልግ። ይህ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። ጋፋት ከውጭ በመጣ ሙያ ላይ ተመሥርታ ነበር፤ እኛ ግን ቀድሞ በከተማችን ባለ ሙያ ላይ ልንጨምር ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሪቬቱን ተቀበልኩህ። አልሙኒየምን የሚገድለው ግን ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። እናቶቻችን የአልሙኒየም ድስት በአመድ ሲታሽ እንደሚጠቁር ያውቃሉ፤ አመድ አልካሊ ነውና ያንን ያልከውን ቆዳ ይገፈዋል። ሲሚንቶም እንደዚሁ ነው። ጀልባ ያለው ሰው ደግሞ ዓሣ ብቻ አይጭንም። ደሴት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ይጭንበታል፣ ነጋዴ ጨው ይጭንበታል፣ ገበሬ ማዳበሪያ ይጭንበታል። ከጉና ተራራ ተነሥተው የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያወርዱት ደለልም አለ። ያ ጭቃ በጀልባዋ ወለል ላይ ተጋግሮ ከከረመ ከሥሩ አየር የሚያጣው ብረት ነጥብ በነጥብ እየተበሳ ይሄዳል። ባለቤቱ ከላይ የሚያየው ጭቃ ነው፤ ቀዳዳውን የሚያየው ሐይቁ መሐል ነው።

ደጋፊው፦ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ጠላቶች ናቸው፣ የታወቀ ጠላት ደግሞ ሥርዓት ይበጅለታል። ሥርዓቱ አጭር ስለሆነ ሁለት ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም። ጀልባዋ ከሥራ ስትወጣ የወለል ቡሽዋ ይነቀላል፣ ጭቃው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ተገልብጣ አየር በሚያገኛት ቦታ በእንጨት ላይ ትቀመጣለች እንጂ እርጥብ መሬት ላይ አትጋደምም። ሲሚንቶ፣ ጨውና ማዳበሪያ የግድ የሚጫን ከሆነ በወፍራም ሸራ ላይ ይሁን፤ የፈሰሰው በዚያው ቀን ይታጠብ። መዳብና ተራ ብረት ከአልሙኒየም ጋር በውኃ ውስጥ ሲነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል፤ ስለዚህ የወደቀ ሳንቲም፣ የሽቦ ቁራጭ፣ የዛገ ሚስማር ወለሉ ላይ አይተው። ከኋላ ሞተሩ የሚታሰርበት ሳንቃ ከሁሉ ቀድሞ ይበሰብሳል፤ በየዓመቱ በቢላ ጫፍ ወጋ እየተደረገ ይፈተሽ፣ ሲለሰልስም በደረቅ ዋንዛ ይተካ። በመዳብ መድኃኒት የታከመ እንጨት ግን አይግባበት፤ መድኃኒቱ ላሜራውን ይበላዋልና። ቡሎኑ የማይዝግ ብረት ሆኖ ከሥሩ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ይደረግለት። ይህን ሁሉ ለመሥራት ከፍተኛ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

ተጠራጣሪው፦ ስለ ሞተሩ ግን ዝም አልክ። ጀልባዋ 30 ዓመት ብትኖር ሞተሩ እሷን አይጠብቅም። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተርም በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት ብለህ የገዛኸው እዚህ ሲደርስ 12 ገደማ ነው። የእምቦጭ ሥር ማቀዝቀዣ ውኃው የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፓምፑ ውስጥ ያለች ትንሿ ጎማ ትቃጠላለች። ያቺ ጎማ የምትመጣው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ምን ያህል እንደራቀ አንተም ታያለህ። በጦርነት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቤንዚኑም ጎማውም አብረው ይጠፋሉ። ታንኳ ያለው ሰው በዚያን ቀን ሐይቁ ላይ ይወጣል። ሞተር ያለው ሰው ዳር ተቀምጦ ወለዱን ይቆጥራል።

ደጋፊው፦ ጀልባንና ሞተርን እንለያያቸው ጋሼ፤ ክርክሩ የሚጠፋው ሁለቱ አንድ ዕቃ ሲመስሉን ነው። ቀላል ስለሆነች ይህችን ጀልባ ሁለት ሰው በመቅዘፊያ ይነዳታል፤ ቤንዚን የጠፋ ቀን ከታንኳ እኩል ትወጣለች። ሞተር ሲኖር ደግሞ ትንሽ ይሁን። ለከፍታው የካርቡሬተሩ ቀዳዳና የፕሮፔለሩ ክንፍ ዝንባሌ ይስተካከልለት፤ በዚህ ከጠፋው ጉልበት የተወሰነው ይመለሳል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፕሮፔለሩ ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክር አለ ወይ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ክሩ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት ማገጃውን ጎማ ይቆርጣል፣ በዚያ በኩል ውኃ ይገባል። የካምቢዮው ዘይት ሲቀዳ እንደ ወተት ነጥቶ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚለወጠው አንድ የጎማ ቀለበት ነው። ዝም ከተባለ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚለወጠው ጥርሱ ሁሉ ነው። እርስዎ መለዋወጫ ውድ ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ውድ መሆኑ ግን ለጥገና እንጂ ለቸልታ ማስረጃ አይሆንም። ዶላር በተወደደ ቁጥር የሚያዋጣው አዲስ መግዛት ሳይሆን ያለውን ማቆየት ነው፤ በጥገና የማያምን ሰው ደግሞ በውድ ዘመን ከሁሉ ቀድሞ ይደኸያል።

ተጠራጣሪው፦ «የሚያስፈልገው ሰው ነው» ያልከውን ልያዝብህ። ጀልባዋን የሚገዛው ማነው? ብቻውን የሚችል አጥማጅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው በብድር ይገዟታል። የአሥር ሰው ጀልባን ማን ያጥባታል? ማን ይገለብጣታል? የዛሬው ተረኛ ለነገው ተረኛ ይተወዋል፣ የነገው «ትናንት ማን ነበር የነዳት?» ይላል። ታንኳ አንድ ባለቤት አለው፤ ሲከብድበት የሚያውቀው እሱ ነው፣ የሚያደርቀውም እሱ ነው። የጋራ የሆነ ዕቃ ላይ ሁሉም መብት ይኖረዋል፣ ግዴታው ግን ማንም ላይ አያርፍም። አልሙኒየም 40 ዓመት ይኖራል ማለትህ ለአንድ ሰው ዕቃ ልክ ሊሆን ይችላል። ለማኅበር ዕቃ ግን ዕድሜው የሚለካው በአባላቱ ፍቅር ነው።

ደጋፊው፦ በፍቅር እንዲለካ አልፈልግም፤ ፍቅር በሁለተኛው ዓመት ይደክማል። በውል ይለካ። ማኅበሩ ጀልባዋን በአንድ ሰው ስም በጠባቂነት ይስጥ፣ ለዚያም ሰው ከያዘው ዓሣ ድርሻ ይጨመርለት። አንድ ደብተር ይኑር፦ መቼ ወጣች፣ ማን ነዳት፣ ስንት ሊትር ጠጣች፣ ምን ተሰበረ፣ ማን ጠገነ። ከእያንዳንዱ ቀን ሽያጭ ጥቂት ብር ለጥገና ተለይቶ ይቀመጥ፤ የሚቀመጠውም ከትርፉ ሳይሆን ከሽያጩ ይሁን፣ ትርፍ ሁልጊዜ ሌላ የሚፈልገው አለውና። እኛ ዕድርና ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን። በዕድር ድንኳኑና ድስቱ የጋራ ነው፤ ግን ዕቃ ጠባቂ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የሰበረ ይከፍላል። ድስቱ ለዓመታት የሚያገለግለው ድስቱ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የጋራ ንብረትን መጠበቅ አናውቅም የሚል ሰው የራሱን ሰፈር ዕድር ረስቷል።

ተጠራጣሪው፦ ዕድሩን አልረሳሁም፤ ይህን ክርክር ትረታኛለህ እንበል። ጀልባዋ ጠንካራ ሆነች፣ ሪቬቷ ጠበቀ፣ ጠባቂ ተገኘላት፣ 30 ዓመት ኖረች። እውነተኛው ጥያቄዬ ያን ጊዜ ይጀምራል፦ ሐይቁስ 30 ዓመት ይኖርላታል? በጣና የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና የሆላንድ ረድኤት ድርጅቶች በተባበሩበት ፕሮጀክት ነው። ዓላማው ቀና ነበር፤ ድሀው አጥማጅ ከዳር ርቆ እንዲያጠምድ ነበር። ከዚያ በፊት የታንኳ አጥማጅ ከዳሩ ብዙ አይርቅም ነበር፣ መሐሉና የወንዞቹ አፍ ያርፉ ነበር። ውጤቱን ተመራማሪዎች ለክተውታል። ነጭ ዓሣ የምንላቸው፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የእነዚህ ዓሦች ጠቅላላ ክብደት 75 በመቶ ወረደ፤ የጫጩቶቻቸው ብዛት ደግሞ 90 በመቶ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የተባለ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው፤ ያ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የቀረው እኛ ጋ ነው። በየጥቂት ወሩ የሚበሰብስ ታንኳ ለሐይቁ ዕረፍት ይሰጠው ነበር። አንተ የምታመጣው ግን የማይደክም ዕቃ ነው። ዕቃው ሳይደክም ዓሣው ቢደክምስ?

ደጋፊው፦ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ አላልፈውም። ግን ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው እናንብበው። ተመራማሪዎቹ ጥፋቱን በጀልባ ብቻ አላሳበቡም። ሁለት ነገር አነሡ፦ በክረምት ለመራባት በወንዝ አፍ የሚሰበሰቡት ዓሦች ላይ የሚጣለው የንግድ መረብ፣ እና ወንዙ ውስጥ በተፈጨ የብርብራ ፍሬ ዓሣን ማደንዘዝ። ብርብራ የሚረጭ ሰው ጀልባ አያስፈልገውም፤ ጉማራ ዳር ቆሞ አንድ እፍኝ ይበትናል። ስለዚህ ዓሣውን የጎዳው የጀልባው ጥንካሬ ሳይሆን ጊዜውና ቦታው ነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ቢያንስ ሰባቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ከጉና የወረደው ውኃ ወንዞቹን ሲሞላ፣ እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እኔ ልለው የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ጀልባ በዓመት አንድ ጊዜ ከውኃ ወጥታ መፈተሽ አለባት፤ ሪቬቷ፣ ሳንቃዋ፣ ፎሟ፣ ካምቢዮዋ። ለዚህ ከክረምት የተሻለ ወቅት የለም፤ ደለሉ የሚበዛው፣ ሐይቁ የሚሞላው በዚያን ጊዜ ነው። ጀልባ የምትታደስበት ወር ዓሣ የሚራባበት ወር ነው። አንዱን የሚያከብር ሰው ሌላውንም ሳያውቀው አከበረ ማለት ነው። ጀልባውን 30 ዓመት ለማኖር የሚያስብ አጥማጅ በእነዚያ ወራት ማረፍ አለበት፤ ያው ዕረፍት ለሐይቁም ይሆነዋል።

ተጠራጣሪው፦ ሐሳቡ ያምራል፣ ያመነበት ሰው ሁሉ ቢፈጽመው እኔም ከአንተ ጋር ነኝ። ግን የገበያውን ወር ተመልከት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ትገባለች፣ እስከ ነሐሴ 15 ሥጋና ወተት የለም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የሚበላው ሰው ብዙ ነውና ዋጋው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ዓሣው በወንዝ አፍ ተጠራቅሞ በቀላሉ የሚያዘውም ያን ጊዜ ነው። በብድር ጀልባ የገዛ ወጣት፣ የወሩ ክፍያ ቀን የደረሰበት፣ ዋጋ በተወደደበትና ዓሣ በበዛበት ሳምንት ጀልባውን ገልብጦ ሪቬት ይቆጥራል ብለህ ታምናለህ? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሕግ አልጎደለም። የጎደለው ወንዙ አፍ ላይ በሌሊት የሚቆም ሰው ነው። የታንኳ ድካም ግን ተቆጣጣሪ አያስፈልገውም ነበር፤ ደክሞ ራሱ ያርፋል። አንተ በዕቃው ድካም የነበረውን ገደብ በሰው ፈቃድ ልትተካው ነው። የሰው ፈቃድ ደግሞ ከዕዳ ጋር ሲታገል ስንት ጊዜ ያሸንፋል?

ደጋፊው፦ ዕዳው እውነት ነው፤ ስለዚህ ብድሩ ራሱ ወቅቱን ይወቅ። ለገበሬ የሚሰጥ ብድር ምርት ሲሰበሰብ የሚከፈልበት ጊዜ አለ፤ ሐምሌ ላይ ጤፉ ገና ቡቃያ ሳለ ክፈል የሚለው የለም። የዓሣ አጥማጅ ብድርም ከሐምሌ እስከ መስከረም ክፍያ የሌለው፣ በሁዳዴ ወራት ግን ከፍ ያለ ክፍያ ያለው ሊሆን ይችላል። በሁዳዴ ዓሣ ይፈለጋል፣ ነጭ ዓሣም በወንዝ አፍ አይሰበሰብም። በክረምት የግድ የሚበላ የፈለገ ሰው በታንኳ ቀረሶና አምባዛ ከወንዝ አፍ ርቆ ሊያጠምድ ይችላል። ግን የታንኳን ድካም ገደብ ማለትዎን አልቀበልም። ያ ገደብ የተከፈለው በአጥማጁ ሥጋ ነው። ታንኳ ላይ የሚውል ሰው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ደንገል ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ካገኘው መመለሻው አይታወቅም። ሐይቁን ለመጠበቅ ድሀው ደካማ ዕቃ ይያዝ ካልን፣ የጥበቃውን ዋጋ የጣልነው ከሁሉ ያነሰ ባለው ሰው ላይ ነው። ገደቡ በመረቡ ቀዳዳ ስፋት፣ በመረቡ ብዛትና በወሩ ላይ ይሁን እንጂ በሰው ድካም ላይ አይሁን። ደግሞም ደካማ ዕቃ ዓሣውን ስላላዳነው ነው ዛሬ የምንከራከረው፤ ብርብራና የወንዝ አፍ መረብ ከታንኳ ጋርም ነበሩ፣ አሁንም አሉ።

ተጠራጣሪው፦ እንግዲህ የተስማማንበትንና ያልተስማማንበትን እንለይ። ታንኳ ብቻውን እንደማያዘልቅ ተቀብያለሁ፤ ደንገሉ እያለቀ ስለሆነ። አልሙኒየም ከተጠበቀ ዕድሜ እንዳለው፣ ጠባቂውም በእኛ ከተሞች ሊሠለጥን እንደሚችል ተቀብያለሁ። ያልተቀበልኩት ቅደም ተከተሉን ነው። አንተ ጀልባዋ ትምጣና ሥርዓቱ ይከተላታል ትላለህ። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጡትም ሥርዓት እንዲከተላቸው ሳይመኙ አልቀሩም። እኔ የምለው መጀመሪያ የወንዞቹ አፍ ይዘጋ፤ ደብረ ታቦር ያለው አስተዳደርም፣ ፎገራ ያለው ቀበሌም፣ አጥማጆቹም አንድ ክረምት ጉማራንና ርብን ከመረብና ከብርብራ ጠብቀው ያሳዩ። አንድ ክረምት ወንዙን መጠበቅ ያቃተው ማኅበረሰብ የማይደክም ጀልባ ቢሰጠው የሚያደርገው ከዚህ በፊት ያደረገውን ነው። አንድ ክረምት ከተጠበቀ ግን የመጀመሪያዋን ጀልባ ራሴ አብሬ ተሸክሜ አወርዳታለሁ።

ደጋፊው፦ ቅድመ ሁኔታዎን አከብራለሁ፤ ግን ጠባቂው ከየት ይመጣል? በሐምሌ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ የሚቆመው ሰው የሐይቁ ነገ የሚመለከተው ሰው መሆን አለበት። በየጥቂት ወሩ የሚበሰብስ ዕቃ ያለው ሰው የሚያስበው እስከሚቀጥለው ታንኳ ነው፤ 30 ዓመት የምትኖር ጀልባ የተመዘገበችበት፣ በየክረምቱ ሪቬቷን በጠመኔ የሚከብ ሰው ግን ከ20 ዓመት በኋላ የሚኖረውን ዓሣ ከወዲሁ ይፈልገዋል። እርስዎ መጀመሪያ ጥበቃ፣ ከዚያ ጀልባ ይላሉ። እኔ ደግሞ ጥበቃው የሚወለደው ለመጠበቅ የሚገባ ነገር በእጁ ካለ ሰው ነው እላለሁ። ሁለታችንንም የሚያስታርቅ ውል አለ፦ ጀልባዋን የሚወስደው ማኅበር በዚያው ቀን የወንዙን አፍ ጥበቃ ይፈርም፤ በክረምት ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ተገልብጣ ካልተገኘች ትወሰድበት። ያን ጊዜ ጀልባዋ ውኃ ላይ መሆንዋን ማንም ከዳር ቆሞ ያያል፤ በሌሊት የሚበተን ብርብራን ግን ማንም አያይም። ለመቆጣጠር የሚቀለው የትኛው እንደሆነ ያስቡበት ጋሼ።

ተጠራጣሪው፦ አስቤበት የምመልስልህ ይህ ነው፦ የተገለበጠች ጀልባ ብዙ ታሳያለች፣ ሁሉን ግን አታሳይም። ጀልባውን ገልብጦ ብርብራ የሚበትን ሰው ውልህን አላፈረሰም፤ ሐይቁን ግን አፍርሷል። በውልህ ላይ ወንዙንም ጻፍ፤ አንድ ሰው ብርብራ ሲበትን ከተያዘ የማኅበሩ ሁሉ ጀልባ ትወሰድ በል። ያን ጊዜ አሥሩም አባላት እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ያንን ለመፈረም እሺ ያለ ማኅበር ካገኘህ የአልሙኒየምህ ዕድሜ አያሳስበኝም። ካላገኘህ ግን የጎደለው ጀልባ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ታምነኛለህ።